ያረጀ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር፦ ማሻሻል ወይስ መተካት?

ዴስክቶፕ ኮምፒውተር በመኖሪያ ቤቶች፣ በጽሕፈትና ኮፒ አገልግሎት መስጫዎች እንዲሁም በአነስተኛ ድርጅቶች ውስጥ ለበርካታ ዓመታት የሚያገለግል ዕቃ ነው። ዕድሜው ሲገፋ ግን ለመነሣት ብዙ ደቂቃ ይወስዳል፣ በሥራ መካከል ይቆማል፣ አዳዲስ ፕሮግራሞችን አይቀበልም። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ ኮምፒውተሩን በተወሰነ ወጪ ከማሻሻልና በሌላ ከመተካት አንዱን መምረጥ ይኖርበታል።

ውሳኔው ያለ ምርመራ ሲወሰን በሁለት አቅጣጫ ኪሳራ ያስከትላል። በአንድ በኩል በጥቂት ወጪ ለተጨማሪ ዓመታት ሊያገለግል የሚችል ኮምፒውተር ይጣላል፤ በሌላ በኩል ተገቢ አገልግሎት ሊሰጥ በማይችል ኮምፒውተር ላይ ገንዘብ ደጋግሞ ይባክናል። ከሁለቱም የከፋው ጉዳት ደግሞ በሒደቱ የሒሳብ መዝገብ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ወይም የቤተሰብ ፎቶግራፍ መጥፋቱ ነው። ዕቃው በገንዘብ ሊተካ ይችላል፤ የጠፋ ሰነድ ግን ብዙውን ጊዜ አይተካም።

ይህ ጽሑፍ ዜጎች ውሳኔውን በቅደም ተከተል እንዲመረምሩና ወጪያቸውን በአግባቡ እንዲጠቀሙ ለመርዳት የተዘጋጀ ነው።

ዋና ዋና ነጥቦች

• ከማናቸውም ጥገና ወይም ግዢ በፊት የሰነዶች መጠባበቂያ ቅጂ ሊወሰድ ይገባል።
• ዝግመቱን የሚያመጣው ክፍል ሳይለይ ምንም ዕቃ መግዛት አይገባም።
• ሃርድ ዲስክን በኤስኤስዲ መተካትና ራም መጨመር በአብዛኛው በአነስተኛ ወጪ ከፍተኛ ለውጥ የሚያስገኙ ማሻሻያዎች ናቸው።
• ፕሮሰሰሩ የደኅንነት ማሻሻያ የሚያገኝ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የማይቀበል ከሆነ ወይም ማዘርቦርዱ ከተበላሸ መተካት ይመረጣል።

1. ከሁሉ አስቀድሞ መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ

በዕድሜ የገፋ ሃርድ ዲስክ ያለ በቂ ማስጠንቀቂያ ሥራ ሊያቆም ይችላል። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ማሰማት፣ ፋይል ለመክፈት ከወትሮው የተለየ ረጅም ጊዜ መውሰድና ፋይሎች "ሊነበቡ አልቻሉም" የሚል መልእክት መምጣት የመበላሸት ምልክቶች ናቸው። እነዚህ ምልክቶች የታዩበት ኮምፒውተር ቅጂ እስኪወሰድ ድረስ ለሌላ ሥራ ባይከፈት ይመረጣል።

አስፈላጊ ሰነዶች ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች፣ ለምሳሌ በውጫዊ ሃርድ ዲስክና በኢንተርኔት ላይ ባለ ማከማቻ ሊቀመጡ ይገባል። ፍላሽ ለጊዜያዊ ማጓጓዣ እንጂ ለብቸኛ ማስቀመጫነት አይመከርም። ቅጂው ከተወሰደ በኋላ ጥቂት ፋይሎችን በሌላ ኮምፒውተር ከፍቶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ነጋዴዎች በታክስ ሕግ ለተወሰነው ጊዜ መያዝ ያለባቸውን የሒሳብ ሰነዶች ለይተው ማስቀመጥ ይኖርባቸዋል። ኮምፒውተሩን ለባለሙያ የሚያስረክብ ሰውም "ፎርማት" ከመደረጉ በፊት ቅጂ መያዙን ራሱ ሊያረጋግጥ ይገባል።

2. የዝግመቱን ምክንያት መለየት

በዊንዶውስ የሚሠራ ኮምፒውተር የጫናውን ምንጭ ራሱ ያሳያል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ የሚባሉት ቁልፎች በአንድ ላይ ሲጫኑ "ታስክ ማናጀር" የተባለው መስኮት ይከፈታል። በዚህ መስኮት ሦስት መጠኖች በመቶኛ ይታያሉ። በተለምዶ "ሲፒዩ" እየተባለ የሚጠራው የኮምፒውተሩ ሳጥን ቢሆንም፣ በዚህ መስኮት ላይ ቃሉ የሚያመለክተው ፕሮሰሰሩን ነው። ኮምፒውተሩ ከተነሣ ከ10 ደቂቃ ያህል በኋላ፣ የዘወትር ፕሮግራሞች ተከፍተው ባሉበት ሁኔታ ሦስቱን መጠኖች መመልከት ተገቢ ነው።

• ዲስኩ ለረጅም ጊዜ 100 በመቶ ወይም ወደዚያ የተጠጋ መጠን የሚያሳይ ከሆነ፣ በአብዛኛው እንቅፋቱ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው።
• ሜሞሪው ከ85 በመቶ በላይ ሆኖ የሚቆይ ከሆነ የራም እጥረት አለ።
• ምንም ሥራ ሳይሠራ ፕሮሰሰሩ ከፍተኛ ጫና የሚያሳይ ከሆነ፣ ቫይረስ ወይም ከበስተጀርባ የሚሠራ አላስፈላጊ ፕሮግራም መኖሩ አስቀድሞ ሊጣራ ይገባል። ይህ በአዲስ ዕቃ የሚፈታ ችግር አይደለም።
• ሦስቱም ዝቅተኛ ሆነው ኮምፒውተሩ በድንገት የሚጠፋ ከሆነ፣ ምክንያቱ ሙቀት ወይም ፓወር ሰፕላይ ሊሆን ይችላል።

አንዳንድ ችግሮች መሠረታዊ ቢመስሉም መፍትሔያቸው ቀላል ነው። አቧራ በፋኑ ላይ ሲጠራቀም ፕሮሰሰሩ ይሞቃል፤ ራሱን ከጉዳት ለመጠበቅም ፍጥነቱን ይቀንሳል። ኮምፒውተሩ ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ አቧራው ሲጸዳና በፕሮሰሰሩ ላይ ያለው የደረቀ ፔስት ሲታደስ ችግሩ ሊወገድ ይችላል። ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ቀኑና ሰዓቱ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነም ያለቀው በማዘርቦርዱ ላይ ያለው ሲአር 2032 የተባለ ባለ 3 ቮልት ትንሽ ባትሪ ነው። የተሳሳተ ቀን ድረ ገጾች እንዳይከፈቱ ስለሚያደርግ፣ ብዙዎች ችግሩን የኢንተርኔት ብልሽት አድርገው ይወስዱታል።

3. የኦፐሬቲንግ ሲስተም ድጋፍ

ኮምፒውተሩ በፍጥነት መሥራቱ ብቻውን በቂ አይደለም፤ የደኅንነት ማሻሻያ ማግኘትም ይኖርበታል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን ድጋፍ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 10 ከዚህ ቀን በኋላም መሥራቱን አያቆምም፤ ነገር ግን አዲስ የሚገኙ የደኅንነት ክፍተቶች በመደበኛው መንገድ አይደፈኑም። የባንክ፣ የታክስና ሌሎች የመንግሥት አገልግሎቶችን በኢንተርኔት ለሚጠቀም ሰው ይህ የይለፍ ቃልንና ገንዘብን የሚመለከት ጉዳይ ነው።

ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት የማከማቻ ቦታና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል ይፈልጋል። ከሁሉ በላይ ወሳኙ ፕሮሰሰሩ ነው። ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በአብዛኛው 8ኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በኋላ የተመረቱት፣ ከኤኤምዲ ደግሞ ከራይዘን 2000 ተከታታይ ጀምሮ ያሉት አብዛኞቹ ተቀባይነት አላቸው።

የኢንቴል ፕሮሰሰር ጄኔሬሽን ከስሙ ቀጥሎ ካለው ቁጥር ይታወቃል። "ኮር አይ 5-4570" የተባለው 4ኛ፣ "ኮር አይ 5-8400" የተባለው 8ኛ፣ "ኮር አይ 5-10400" የተባለው 10ኛ ጄኔሬሽን ነው። "ኮር አይ 5" የሚለው ስም ብቻውን ዕድሜን አይናገርም፤ ገዢዎች በተደጋጋሚ የሚሳሳቱትም በዚህ ነው።

ማይክሮሶፍት ያዘጋጀው "ፒሲ ሄልዝ ቼክ" የተባለ ነፃ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ መስፈርቱን ማሟላቱን ያሳያል። ቲፒኤም የለም የሚል ውጤት ሲመጣ ክፍሉ በባዮስ ውስጥ ጠፍቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ኮምፒውተሩን ከመጣል በፊት በባለሙያ ማስፈተሽ ተገቢ ነው።

መስፈርቱን የማያሟላ ኮምፒውተር ባለቤት የሚከተሉት አማራጮች አሉት፦

1. ኩባንያው ለግለሰብ ተጠቃሚዎች ባቀረበውና እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. በሚዘልቀው ተጨማሪ የደኅንነት ማሻሻያ መመዝገብ። ይህ ለመዘጋጃ ጊዜ ይሰጣል እንጂ ዘላቂ መፍትሔ አይደለም።
2. እንደ ኡቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት ያለ በነፃ የሚገኝ ኦፐሬቲንግ ሲስተም መጫን። ለኢንተርኔት፣ ለጽሕፈትና ለትምህርት በቂ ሲሆን የአማርኛ ጽሕፈትንም ይደግፋል። ሆኖም እንደ ፒችትሪ ያሉ ለዊንዶውስ የተሠሩ የሒሳብ ፕሮግራሞች በቀጥታ አይሠሩበትም።
3. ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት አለያይቶ ለጽሕፈት ብቻ መጠቀም። የደንበኞችን ፍላሽ የሚቀበል የጽሕፈት ቤት ግን በዚህ ብቻ ደኅንነቱ አይጠበቅም፤ ቫይረስ በፍላሽም ይተላለፋልና።
4. መተካት።

4. ጥቅም የሚሰጡ ማሻሻያዎች

ኤስኤስዲ፦ ሃርድ ዲስክ መረጃን የሚያነበው በሚሽከረከር ሳህን ላይ በሚንቀሳቀስ ክንድ ነው። ኤስኤስዲ ግን የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው የተበታተኑ ትንንሽ ፋይሎችን ሳይዘገይ ያነባል። በሳታ ገመድ የሚገናኝ ባለ 2.5 ኢንች ኤስኤስዲ ከ10 ዓመት በላይ በሆናቸው በርካታ ኮምፒውተሮች ላይም ይሠራል። ለቢሮ ሥራ 240 ወይም 256 ጊጋባይት በአብዛኛው በቂ ነው። ነባሩ ሃርድ ዲስክ ጤናማ ከሆነ ለተጨማሪ ማከማቻነት በዚያው ሊቆይ ይችላል።

ራም፦ ለዘወትር የቢሮ ሥራና ለኢንተርኔት 8 ጊጋባይት ተገቢ መነሻ ነው። ከመግዛት በፊት ሦስት ነገሮች ይጣራሉ። አንደኛ፣ ዲዲአር3፣ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 እርስ በርስ አይተካኩም። ሁለተኛ፣ ማዘርቦርዱ የሚቀበለው ከፍተኛ መጠንና ያለው ባዶ ቦታ ይታያል። ሦስተኛ፣ የተጫነው ዊንዶውስ ባለ 32 ቢት ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ ያለውን ራም አይጠቀምም፤ ስለዚህ ባለ 64 ቢቱ ሳይጫን ራም መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው።

ፓወር ሰፕላይ፦ በሀገራችን ያለው መደበኛ የኤሌክትሪክ ኃይል 220 ቮልት ነው። ከውጭ የመጡ አንዳንድ ነባር ኮምፒውተሮች በጀርባቸው 115 እና 230 የሚል ማዞሪያ አላቸው፤ ማዞሪያው 115 ላይ ሳለ መሰካት ፓወር ሰፕላዩን ያቃጥላል። የተቃጠለ ፓወር ሰፕላይ መቀየር በራሱ ኮምፒውተሩን ለመተካት ምክንያት አይሆንም። ይሁን እንጂ አነስተኛ ኬዝ ያላቸው በርካታ ሞዴሎች ለእነርሱ ብቻ የተሠራ ፓወር ሰፕላይ ስለሚጠቀሙ ዕቃው በገበያ መኖሩ አስቀድሞ ይጠየቃል።

ፕሮሰሰር፦ በነባር ማዘርቦርድ ላይ ፕሮሰሰር መቀየር የሚቻለው በተወሰኑ ሞዴሎች መካከል ብቻ ነው። ወደ ሌላ ጄኔሬሽን መሻገር ብዙውን ጊዜ ማዘርቦርዱንና ራሙን ጭምር መቀየር ስለሚጠይቅ ማሻሻሉ ወደ መተካት ይቀየራል።

5. ወጪን ማስላት

በጥገናው መስክ የተለመደው መለኪያ፣ የማሻሻያው ጠቅላላ ወጪ ከተመጣጣኝ ምትክ ዋጋ ግማሽ ከበለጠ መተካት ይሻላል የሚል ነው። ከዚህ በተጨማሪ ወጪውን ኮምፒውተሩ ወደፊት ለሚያገለግልባቸው ዓመታት ማካፈል የተሻለ ግንዛቤ ይሰጣል።

ለስሌት ማሳያ ብቻ፣ የገበያ ዋጋን ሳያመለክት፣ ምትኩ 30,000 ብር ቢሆንና 6 ዓመት ቢያገለግል ወጪው በዓመት 5,000 ብር ይሆናል። ማሻሻያው የባለሙያ ክፍያን ጨምሮ 9,000 ብር ቢሆንና ኮምፒውተሩን 3 ዓመት ቢያቆየው ወጪው በዓመት 3,000 ብር ነው፤ ስለዚህ ማሻሻሉ ያዋጣል። ያው 9,000 ብር የሚያስገኘው የአንድ ዓመት አገልግሎት ብቻ ከሆነ ግን ርካሽ የሚመስለው መንገድ ውዱ ይሆናል።

በስሌቱ ውስጥ ኮምፒውተሩ በመቆሙ የሚታጣው የሥራ ጊዜም ሊካተት ይገባል። ኮምፒውተሩ የዕለት ገቢ ማግኛ ለሆነበት ሰው በወር ሁለት ቀን መቆም ከጥገናው ክፍያ ሊበልጥ ይችላል።

6. ማሳያ ሁኔታዎች

ሁኔታ አንድ፦ 8ኛ ጄኔሬሽን ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራምና ሃርድ ዲስክ ያለው የቤተሰብ ኮምፒውተር። ዊንዶውስ 11ን ሊቀበል የሚችል ስለሆነ ኤስኤስዲ በማስገባትና ራሙን ወደ 8 ጊጋባይት በማሳደግ ለዓመታት ማገልገል ይችላል። ማሻሻል ይመረጣል።

ሁኔታ ሁለት፦ 4ኛ ጄኔሬሽን ፕሮሰሰር ያለው የጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር። ኤስኤስዲ ፍጥነቱን በግልጽ ያሻሽለዋል፤ የደኅንነት ድጋፍን ጥያቄ ግን አይመልስም። የጽሕፈት ቤቱ ሥራ በሊኑክስ የሚሸፈን ከሆነ ወጪው ተገቢ ነው። የግድ በዊንዶውስ የሚሠራ ፕሮግራም ካለው ገንዘቡን ለምትክ ማቆየት ይሻላል። ኤስኤስዲው አስቀድሞ ከተገዛም ወደ ምትኩ ኮምፒውተር ሊዛወር ስለሚችል ወጪው ሙሉ በሙሉ አይባክንም።

ሁኔታ ሦስት፦ ኮር ቱ ዱዎ ፕሮሰሰር ያለው፣ በማዘርቦርዱ ላይ ያሉ ካፓሲተሮች ያበጡበት ኮምፒውተር። ሰነዶቹን አውጥቶ መተካት ይመረጣል።

7. ምትክ ሲገዛ መታየት ያለባቸው ጉዳዮች

በገበያው "ስላይትሊ ዩዝድ" የሚባለው ያገለገለ ኮምፒውተር ለብዙዎች በዋጋ ረገድ ተስማሚ ሊሆን ይችላል። ከክፍያ በፊት የሚከተሉትን ማጣራት ያስፈልጋል፦

• የፕሮሰሰሩ ጄኔሬሽንና ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 11ን የሚቀበል መሆኑ፤
• እንደ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ባለ ፕሮግራም የሚታየው የዲስኩ ጤንነትና የሠራበት ሰዓት፤
• በባዮስ ላይ የቀድሞ ባለቤት የይለፍ ቃል አለመኖሩ፤
• ሁሉም የዩኤስቢ፣ የድምፅና የኔትወርክ መሰኪያዎች መሥራታቸው፤
• ነባሩ ሞኒተርና ፕሪንተር ከአዲሱ ጋር የሚገናኙ መሆናቸው፤
• ሕጋዊ ደረሰኝና በጽሑፍ የተሰጠ የዋስትና ጊዜ መኖሩ።

ደረሰኝ ለዋስትና ብቻ ሳይሆን ዕቃው ከሕጋዊ ምንጭ መገዛቱን ለማስረዳትም ይጠቅማል። ኃይል በሚቆራረጥበት አካባቢ የሚኖር ተጠቃሚ ዩፒኤስ መግዛትን ከምትኩ ዋጋ ጋር ደምሮ ሊያስብ ይገባል። ለእንዲህ ዓይነቱ ተጠቃሚ የራሱ ባትሪ ያለው ላፕቶፕም አንዱ አማራጭ ነው።

8. የቆዩ የአማርኛ ሰነዶችና ፕሮግራሞች

ወደ አዲስ ኮምፒውተር በሚደረግ ሽግግር ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የቆዩ የአማርኛ ሰነዶች ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ በርካታ ሰነዶች የራሳቸውን አሠራር በሚከተሉ የፊደል ፕሮግራሞች ተጽፈዋል። እንዲህ ያለ ሰነድ የተጻፈበት ፎንት በሌለው ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌላቸው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ሆኖ ይታያል። ሰነዱ አልጠፋም፤ የጎደለው ፎንቱ ነው። ስለዚህ ነባሩ ኮምፒውተር ከመወገዱ በፊት ፎንቶቹን መቅዳትና አስፈላጊ ሰነዶችን በፒዲኤፍ ማስቀመጥ ይመከራል።

የሒሳብ ፕሮግራም የሚጠቀሙ ድርጅቶችም የመረጃ ቋቱን ቅጂ፣ የመጫኛ ፋይሉንና የፈቃድ ቁጥሩን በቅድሚያ ማሰባሰብ ይኖርባቸዋል። በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ ሒሳቡ በትክክል መከፈቱ ሳይረጋገጥ ነባሩን መሸጥ ወይም ማጥፋት አይገባም።

9. ነባሩን ኮምፒውተር ማስወገድ

ፋይልን ማጥፋት ወይም ፈጣን "ፎርማት" ማድረግ መረጃውን ሙሉ በሙሉ አያስወግድም፤ በተለይ ከሃርድ ዲስክ ላይ በልዩ ፕሮግራም መልሶ ማውጣት ይቻላል። ኮምፒውተሩ ከመሸጡ ወይም ከመሰጠቱ በፊት ሃርድ ዲስኩ በላዩ ላይ በሚጽፍ የማጥፊያ ፕሮግራም፣ ኤስኤስዲው ደግሞ አምራቹ ባዘጋጀው የማጥፊያ ዘዴ ሊጸዳ ይገባል። አስተማማኝ ዘዴ ካልተገኘ ዲስኩን አውጥቶ ማስቀረት ይሻላል። የደንበኞችን መታወቂያ፣ ውልና የትምህርት ማስረጃ የሚያዘጋጁ የጽሕፈት ቤቶች የግል መረጃ ጥበቃን የሚመለከተውን አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ማስታወስ ይኖርባቸዋል።

የማያገለግል ኮምፒውተር ከተራ ቆሻሻ ጋር መጣል የለበትም። የአሮጌ ባለ ቱቦ ሞኒተሮች መስተዋት እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት ይዟል፤ መዳብ ለማውጣት ተብሎ ገመድ ማቃጠልም ለጤና ጎጂ ጭስ ይፈጥራል። የዚህ ዓይነት ውጋጅ አያያዝና አወጋገድ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425/2010 ይመራል። የሚሠሩ ኮምፒውተሮችን መረጃቸው ከጸዳ በኋላ ለሚጠቀምባቸው ሰው ወይም ትምህርት ቤት መስጠት ይቻላል።

10. ተደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች

"ፎርማት" ማድረግ ኮምፒውተሩን እንደ አዲስ ያደርገዋል? በቫይረስና በአላስፈላጊ ፕሮግራሞች ምክንያት የመጣን ዝግመት ሊያስወግድ ይችላል። እየተበላሸ ያለን ዲስክ ግን አያድንም፤ ቅጂ ካልተያዘም ሰነዶችን ያጠፋል።

ኤስኤስዲ ወይስ ራም ይቅደም? በክፍል 2 የተገለጸው ምርመራ ይወስናል። ሜሞሪው ካልሞላ ራም መጨመር የሚታይ ለውጥ አያመጣም።

ሞኒተሩም መቀየር አለበት? በደንብ የሚሠራ ከሆነ አያስፈልግም። አዲሱ ኮምፒውተር ኤችዲኤምአይ ብቻ፣ ሞኒተሩ ደግሞ ቪጂኤ ብቻ ካላቸው ወደ ቪጂኤ የሚለውጥ አስማሚ ይገዛል።

ውሳኔውን በባለሙያ ምክር ብቻ መወሰን ይቻላል? የባለሙያ ምክር ጠቃሚ ነው። ሆኖም ባለቤቱ የተበላሸው ክፍል የትኛው እንደሆነ፣ በምን እንደታወቀና የሚቀየረው ዕቃ ሙሉ መግለጫ ምን እንደሆነ በጽሑፍ ቢጠይቅና የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ መልሶ ቢረከብ ከአላስፈላጊ ወጪና ከአለመግባባት ይጠበቃል።